ባለ ፎቁ ምድር ባቡር

የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህን ለ87 ስታካፍሉት 9 ኪሎ ሜትር ይመጣል። «ለምን ለ87?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጤነኛ ነው። ሳይጠይቅ የገባው ሰው ግን ከእኔ ጋር አንድ ዕድር መግባት ይችላል። በዓለም ላይ ብዙ ሰው ሞዴል ባቡር የሚሠራው በዚህ ልክ ነው፤ እውነተኛው ነገር 87 ጊዜ ያንሳል። የሰው ቁመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ፉርጎ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፣ የልጅ ልጅ ያዩ ትልልቅ ሰዎች ተንበርክከው በወረንጦ ሃዲድ ያቃናሉ። ጨዋታ ነው ካላችኋቸው ይቀየማሉ።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ቤዝመንት አለኝ። ከልብስ ማጠቢያው እስከ ደረጃው ሥር ሰባት ሜትር ያህል ይሆናል። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሃዲድ እዚያ አይገባም፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፣ ባለቤቴ ወዲያው ነው የነገረችኝ።

የዚህ ሥራ ሰዎች ግን ለጥበት ሁለት መድኃኒት አላቸው። አንደኛው መዝለል ነው። ሁሉንም ጣቢያ አትሠራም፤ የምትወደውን ይዘህ የቀረውን ታልፋለህ። እኔ ለገሃርን፣ ናዝሬትን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶንና ድሬዳዋን ያዝኩ። አቃቂ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና መተሐራ ተዘለሉ። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያለው በጠቅላላ «ከግድግዳው ወዲያ ነው» ተብሎ ታለፈ። የሞጆ ልጅ የሆነ አንድ ወዳጄ ይህን ከሰማ ወዲህ ስልኬን ሲያነሣ ድምፁ ቀዝቀዝ ብሏል። አገር ስትሠራ ማንን እንደዘለልክ የሚቆጥር አይጠፋም፤ አገሩ ከኮምፔርሳቶ ቢሆንም ያው ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ፎቅ ነው። ወደ ጎን መስፋት ካልቻልክ ወደ ላይ ትወጣለህ፤ በግድግዳው ዙሪያ አንድ ደርብ፣ ከሱ በላይ ሌላ ደርብ፣ በሁለቱም ላይ ባቡር። አሜሪካኖቹ ነገሩን ካሰቡበት ቆይተዋል፤ ቶኒ ኮስተር የሚባል ጸሐፊ ስለ ባለ ብዙ ፎቅ ሞዴል ባቡር ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አለው። ለእኛ መስመር ደግሞ ፎቁ ተፈጥሯዊ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1200 ሜትር አካባቢ። ደጋው ከላይ፣ ቆላው ከታች። ወረቀት ላይ ስስለው ያገሬ መልክዓ ምድር ለቤዝመንቴ ተብሎ የተፈጠረ መሰለኝ። (አዋሽ ከድሬዳዋም ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ ባቡሩ አዋሽ ከወረደ በኋላ እንደገና ዳገት አለበት። ይህን ለጊዜው አናንሣው።)

ባቡሮቹን በተመለከተ ብዙ አልል። የእኛ መስመር በሁለቱ ሃዲዶች መካከል አንድ ሜትር ነበር፤ ለ87 ሲካፈል አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ገበያ ላይ ያለው 12 ነው። በዚህ ስፋት የሚሠሩት ሞዴሎች በአብዛኛው የስዊስ ተራራ ባቡሮች ናቸው፤ ቤሞ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ በሬቲያ ባቡር ሞዴሎቹ የታወቀ ነው። ስለዚህ የእኔ ፉርጎዎች ሁሉ ሲወለዱ ስዊስ ናቸው፣ ኢትዮጵያዊ የሚሆኑት ቀለም ሲቀቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የመስመሩን ፈቃድ ከዐፄ ምኒልክ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግም ስዊስ ነበርና ነገሩ ወግ አለው።

ወደ እንጨቱ ልመለስ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ሁለት በአራት» የሚባል ሞራሌ አለ። የአገሩ ቤት አብዛኛው የቆመው በሱ ነው። ስሙ ሁለት ኢንች በአራት ኢንች ይላል፤ ሲለካ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ነው። «አንድ በአራት» የሚሉት ጣውላም ሦስት አራተኛ በሦስት ተኩል ይወጣል። የሚጠሩት ጣውላው ሳይደርቅና ሳይላግ የነበረውን ልክ ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ጣውላ ነጋዴ እንዲህ ቢያደርግ ስንት ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር! እዚህ ግን የታወቀ፣ የተመዘገበ፣ ማንም የማይደነግጥበት ልክ ነው፤ የሚደነግጠው በሜትር አስቦ፣ በወረቀት ነድፎ፣ በኢንች የገዛ ሐበሻ ብቻ ነው።

ጣውላው ከብርድ ወጥቶ የሞቀ ቤዝመንት ሲገባ የያዘውን እርጥበት እየለቀቀ ይደርቃል። ሁሉ ጎኑ እኩል አይደርቅምና ይጣመማል። ባለሙያዎቹ «ሳትቆርጠው ቤት ውስጥ አጋድመህ አክርመው» ይላሉ። አከረምኩት። ደረጃው ሥር ተጋድሞ ከቤቱ ሙቀት ጋር ሲላመድ ከርሞ፣ ተቆርጦ ቦታው ከገባ በኋላ አንዱ እንደ በሬ ቀንድ ተቆልምሞ ተነሣ። ለገሃርን የተሸከመው እሱ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ጓደኛዬ ደረሰልኝ። አዲስ አበባ ሳለ የቤት ዕቃ ይሠራ ነበር፤ ቁም ሳጥን፣ ቡፌ፣ እንደ ሙያውም ኩራቱ። እኔ መጽሐፍ ገልጬ የሊን ዌስትኮትን ዘዴ አሳየሁት። ዌስትኮት የአሜሪካ የሞዴል ባቡር መጽሔት አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው፤ የዚህ ዓለም ሰዎች ዛሬም ስሙን በአክብሮት ያነሣሉ። ዘዴው ቀላል ነው። ሁለት ጣውላ በኮላና በቪቴ አጋጥመህ ማዕዘን ያለው ወራጅ ታደርጋለህ፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ወራጆች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ በላያቸው አግዳሚ እንጨቶች ይጋደማሉ። አግዳሚው የሚታሰረው ከታች በሚገባ ቪቴ ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ቪቴ ሁልጊዜ ከታች። ሃዲዱ፣ አፈሩ፣ ዛፉ ከላይ ከተለጠፈ በኋላ ከላይ የገባ ቪቴ ማን ያገኘዋል? ከታች ከሆነ ግን ጣቢያ ለማዛወር ስትፈልግ ተኝተህ ትፈታለህ፣ አግዳሚውን ታንሸራትታለህ፣ መልሰህ ታስራለህ። ሌላም ጥቅም አለው፤ በአግዳሚዎቹ መካከል ክፍት ስለሆነ ከሃዲዱ በታች የሚወርድ መሬት መሥራት ትችላለህ፤ ሸለቆ፣ ወንዝ።

ጓደኛዬ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ፣ «አልጋ ሥር ገብቼ ቪቴ ላስር? ሰው ያየኛል እኮ!» አለ። ሥራ ውዬ ስመጣ የታችኛው ደርብ በሙሉ ኮምፔርሳቶ ለብሷል፤ ከዳር እስከ ዳር ወለል ያለ ጠረጴዛ። ቪቴዎቹ ከላይ ገብተዋል፣ ጭንቅላታቸው ተቀብሯል፣ በላዩ ስቱኮ ተሞልቷል፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጓል። «የት ጋ እንዳሰርኩት ፈልገህ አግኝ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። እግዜር ይስጠው፤ በነጻ ነው የሠራው፤ በነጻ የሠራን ሰው ደግሞ ምን ይሉታል? የላይኛውንም እንዲሁ አደረገው። ናዝሬት አራት ጣት ወደ ግራ መሄድ ሲኖርባት ቪቴዎቹን የፈለግሁት በፍሪጅ ማግኔት ነው።

ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ባዶ ደርብ የያዘ ቤዝመንት ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አያየውም። የባለቤቴ ማኅበርተኞች እሑድ መጥተው አንዷ «ሱቅ ልትከፍቱ ነው እንዴ?» አለች። ሌላዋ «ለእንግዳ ማደሪያ ነው፤ ተደራራቢ አልጋ» ብላ አስረዳቻት። እኔ አስረዳሁ፤ ምድር ባቡር መሆኑን ተናገርኩ። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከምሳ በኋላ ስወርድ ናዝሬት ላይ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል፣ ሚኤሶ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቦርሳ አለ፣ ለገሃር በኮት ተሞልቷል። እውነተኛው ለገሃርም በዘመኑ ባዶ የዋለበት ቀን የለምና አልከፋኝም።

የላይኛውን ደርብ መስቀል ሌላ ጣጣ ነው። የአሜሪካ ቤት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ነው፤ በየ16 ኢንቹ ቋሚ ሞራሌ አለ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ወረቀት የለበሰ ጀሶ ነው። የብረት ክንዱ ሞራሌውን ካላገኘ አንድ ቀን አዲስ አበባ ድሬዳዋ ላይ ትወርዳለች። ሞራሌውን አገኘሁት። ክንዶቹ ታሰሩ፤ ታችኛው ሃዲድ ከመሬት አንድ ሜትር፣ ላይኛው አንድ ሜትር ከአርባ አምስት። እኔ ቆሜ ለገሃርን በዓይኔ ትክክል አየዋለሁ። የድሬ ልጅ የሆነችው ባለቤቴ ግን አጠር ስለምትል የምታየው የለገሃርን ወለል ከሥር ነው። «ደግ አደረግህ» አለችኝ፤ «ድሬን ለኔ ልክ ሠራህልኝ።»

ቁጥሩ ግን ያታልላል። በሁለቱ ደርቦች መካከል 45 ሳንቲ ሜትር አለ ስትሉ ሰፊ ይመስላል። ጓደኛዬ የላይኛውን ደርብ በ«አንድ በአራት» አቁሞታልና ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር እሱ ወሰደ፤ ኮምፔርሳቶው አንድ ከምናምን፤ በላዩ መሬት የሚሆነው ፎም ሁለት ተኩል። ለድሬዳዋ ሰማይ የቀራት 32 ሳንቲ ሜትር ነው። የላይኛው የሚወፍረው በታችኛው ሒሳብ ነው። ሁለተኛ የምሠራው ቢሆን ላይኛውን ደርብ ከቀጭን ብረት እሠራዋለሁ፤ እንጨት ለመሬት ቤት ነው የሚሆነው።

አሁን ባቡሩ ከላይ ወደ ታች እንዴት ይወርዳል? ጠመዝማዛ ትሠራለህ። ክብ እየሠራ የሚወርድ ሃዲድ፣ በረጃጅም ባለ ጥርስ የብረት ዘንጎች ላይ የተንጠለጠለ፣ እያንዳንዱ ዙር በዳዶ ከፍና ዝቅ የሚል። ከመሃል እስከ ሃዲዱ 60 ሳንቲ ሜትር ብትወስዱ አንዱ ዙር 377 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ዳገቱ ከመቶ ሁለት እንዲሆን ከተፈለገ በአንድ ዙር መውጣት የሚቻለው ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ስለዚህ 45ቱን ለመውጣት ስድስት ዙር። ይህ 22 ሜትር ከምናምን ሃዲድ ነው፤ ሁለቱ ደርቦች ላይ ከሚታየው መስመር ብዙም አይተናነስም፤ ማንም ደግሞ አያየውም። ከናዝሬት የወጣ ባቡር በልኩ ፍጥነት ከሄደ ሦስት ደቂቃ ያህል ይሰወራል። እንግዳ ጋብዛችሁ ሦስት ደቂቃ ባዶ ደርብ ላይ አፍጥጦ ሲጠብቅ ማየት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቡና የሚቀርበው ያን ጊዜ ነው።

ከመቶ ሁለት ብዬ የለ? ኩርባ ራሱ ጎማውን ከሃዲዱ ጋር እያፋተገ ይይዛል፤ በዚህ ጥበት ያለ ኩርባ እንደ ተጨማሪ ከመቶ አንድ ከምናምን ዳገት ይቆጠራል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሁለት የሆነው ለባቡሩ ከሦስት በላይ ነው። መውረዱን ወረደ። መውጣት ሲመጣ ስድስት ፉርጎ የጎተተው ስዊስ አራተኛው ዙር ላይ ጎማውን እያሽከረከረ ቆመ። ምድር ባቡርም ከዳገት ጋር የተጣላው ዛሬ አይደለም። መስመሩ ሲዘረጋ ሐረር ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ ሐረር ተራራ ላይ ሆነችና ሃዲዱ ሥሩን ይዞ አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 በረሃው ጫፍ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ድሬዳዋ። አንድ ትልቅ ከተማ ባቡር ዳገት አልወጣም ስላለ ተወለደ። የእኔ ባቡር ስድስቱን ፉርጎ አልችልም ሲል አራት አደረግሁለት። ከተማ የምቆረቁርበት ቦታ የለኝም።

የመብራቱ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። የላይኛው ደርብ ለታችኛው ሰማዩ ነው። መጽሐፎቹ ሁሉ ይላሉ፤ ይሁንና ማንበብና ጎንበስ ብሎ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠችውን ድሬዳዋን ማየት ይለያያል። ጣሪያው ላይ ያሉት አምፖሎች አዲስ አበባን ፏ አድርገዋታል፤ ብርሃኑ እዚያው አለቀ። ድሬዳዋ እኮ ሌላ ነገር ቢጎድላት ፀሐይ የጎደላት ከተማ አይደለችም። ባለቤቴ አጎነበሰች፣ አየች፣ ቀና አለች።

«ይኸው! እዚህም መብራቱን አዲስ አበባ ጨረሰችው።»

የኤልኢዲ ጥቅል ገዛሁ፤ ባለ 12 ቮልት፣ አምስት ሜትር፣ ጀርባው የሚለጠፍ። የአክስቴ ልጅ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ንጹሕ ሥራ ይወዳል። ሽቦ እንዳይታይ ብሎ ከኋላ፣ ግድግዳውን አስጠግቶ ለጠፈው። ማብሪያውን ሲጫን ግድግዳው፣ በስንት መከራ የቀባሁት ሰማይ፣ ቦግ አለ፤ ባቡሩ ጥቁር ሆነ። ፉርጎው ጥቁር፣ ሰዉ ጥቁር፣ ጣቢያው ጥቁር። የሚያየው ሰው ያለው ከፊት ነው፤ ብርሃኑም ከሱ በኩል ካልመጣ የሚታየው የነገሩ ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቅሉ ወደ ፊት መጣ፣ ከላይኛው ደርብ አፍ ውስጥ በኩል፤ ዓይን እንዳይወጋ ከፊቱ ቀጭን ጣውላ ወረደለት። ያ ጣውላ ደግሞ ከሰላሳ ሁለቱ ሳንቲ ሜትር ላይ አምስቱን ወሰደ። ቆይ፣ ከየት ነው ሁልጊዜ የሚቀነሰው?

ቀጥሎ ቀለሙ። የመብራት ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ 2700 ቢጫ ነው፣ የሳሎን መብራት፤ 4000 ለዘብ ያለ ነጭ፤ 5000 እና ከዚያ በላይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ላይኛው ደርብ የቆየው የቤዝመንቱ አምፖል ስለነበረ 2700፣ ታችኛው አዲሱ 5000። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ደኅና ናቸው። አንድ ላይ ሲታዩ አዲስ አበባ መሽቷል፣ ድሬዳዋ ሆስፒታል ገብታለች። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በካርቶኑ ላይ በትንሽ ፊደል የሚጻፈው ነው፤ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ የሚናገር ከመቶ የሚሰጥ ነጥብ አለ። ርካሹ ጥቅል 80 አካባቢ ነው፤ ቀይ ነገር ላይ ክፉኛ ይደክማል። የድሬን ቀላ ያለ አሸዋ ስንት ጊዜ ቀላቅዬ፣ ባለቤቴን አስመስክሬ፣ ያገኘሁት ቀለም እሱ ሥር ሲገባ አመድ ሆነ። የከዚራ ሰፈር ቡጌንቪላ ጠወለገ። ከ90 በላይ ያለውን ግዙ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ግዙት። በቀለሙ ላይ ሳምንት ለፍቶ በመብራቱ መሰሰት ትርጉም የለውም።

የኤሌክትሪኩ ነገር ደግሞ ሒሳብ ነው። በሜትር 14.4 ዋት የሚበላ ጥቅል አምስት ሜትሩ 72 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት 6 አምፔር ማለት ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያለው መዳብ ወረቀት ያህል ስስ ነው፤ ያን ሁሉ ከአንድ ጫፍ ብትሰጡት መንገድ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ኃይሉ የሚነሣው ደረጃው ሥር፣ አዋሽ በኩል ነበር። አዋሽ ላይ ቀትር፣ ሚኤሶ ላይ ደመና፣ ድሬዳዋ ሲደርስ ጀንበር ጥልቀት። ዘመዴ ሁለት ጥቅል አንዱን ካንዱ ጭራ ቀጥሎት ነበርና ሁለተኛው ከነመኖሩም ያጠራጥር ነበር። መፍትሔው ወፈር ያለ ሽቦ በደርቡ ሥር ጎን ለጎን ዘርግቶ በየሁለት ሜትሩ ለጥቅሉ ማጉረስ ነው፤ ወይም ከመነሻው ባለ 24 ቮልት መግዛት፤ አምፔሩ በግማሽ ይወርዳል። ኃይል ሰጪውንም እስከ አፉ አትጫኑት፤ ከአቅሙ አምስት እጅ አራቱን ከሠራ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ድሬዳዋ በራች። ባለ 5000 ኬልቪን፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል፣ በቀን አሥር ሰዓት የሚቆይ። ሥራ ቆይቼ ስወርድ በከዚራና በጣቢያው መካከል የእርጎ ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ በየጣሳው በሶብላ በቅሏል። ባለቤቴ ናት። ክረምት ነው፣ ውጭ በረዶ አለ፣ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ብርሃን ሌላ ቦታ የለም፤ ደግሞም አይፈረድባትም፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትኩስ በሶብላ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። «እስኪጠነክር ድረስ» አለች። እስካሁን አልጠነከረም። ባቡሩ በጣሳዎቹ መሃል ያልፋል፤ ቤዝመንቱ ምጥን ሽሮ ምጥን ሽሮ ይሸታል።

አማቴ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ታችኛው ደርብ ፊት ተቀመጡ። ጣውላውን በጣታቸው አንኳኩ፣ ከሥር አዩ፣ ወንዝ ፈለጉ።

«ደቻቱ የታለ?»

«ዘለልኩት፣ አባባ። ቦታ የለም።»

«ደቻቱ አይዘለልም፣ ልጄ። እሱ ነው የሚዘልህ።»

ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2006 ሌሊት ሞልቶ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የበላ ወንዝም እሱ ነው። ያለ እሱ ድሬዳዋ ብሎ ነገር እንደሌለ እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ወንዝ ደግሞ ከሃዲዱ በታች መውረድ አለበት፤ በዌስትኮት ዘዴ ቢሆን በአግዳሚዎቹ መካከል ክፍት ነበርና ቀላል ነው፤ እዚህ ግን የጓደኛዬ ወለል ያለ ጠረጴዛ አለ፣ ስቱኮው ሳይቀር። መጋዝ ገባ። ድሬዳዋን መሃሏን ስንቆርጥ አማቴ የባትሪ መብራት ይዘው፣ «እዚህ ጋ ሰፋ ይላል... እዚህ ይጠባል...» እያሉ አሳዩኝ። አንዴ መጋዙ ከተነሣ አይቀር የአዋሽንም ገደል ቆረጥነው። ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ ቤዝመንት አይወርድም፤ ሰላምታው ከሳሎን ነው።

ወንዙ ካለቀ በኋላ ቀና ብለው መብራቱን አዩ።

«ይሄ ቀትር ነው። ቀትር ላይ ድሬ ውጭ ማን አለ? ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት አድርገው፤ ሰው የሚወጣው ያኔ ነው።»

ሃምቡርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚባል ግዙፍ የሞዴል ባቡር ትርዒት አለ፤ እዚያ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በአሥራ አምስት ደቂቃ ያልፋል፤ ይነጋል፣ ይመሻል፣ የመስኮት መብራቶች ይበራሉ። ኮምፒዩተርና የሠራተኛ ሠራዊት አላቸው። እኔ ከነጩ ጥቅል ጎን አንድ 2700 ኬልቪን ጥቅል ለጠፍኩ፣ ለሁለቱም ማደብዘዣ ገዛሁ። ነጩን በቀኝ እጅ ዝቅ፣ ቢጫውን በግራ እጅ ከፍ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አማቴ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ «በሶብላውን አንሡልኝ» አሉ። ማንም አላነሣም።

ማታ ማታ ዋናውን ማብሪያ ማጥፋት የቤቱ ሕግ ነው፤ ሕጉን ያወጣችው ባለቤቴ ናት፣ ያወጣችውም የጆን አለንን ታሪክ ነግሬያት ነው። አለን ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ውስጥ በቤቱ ሥር የሠራው ሞዴል ባቡር በዘመኑ ከሁሉ የታወቀው ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 1973 ሞተ፤ በቀናት ልዩነት እሳት ተነሥቶ የዕድሜ ልክ ሥራው ተቃጠለ። የሠራው ሰው እሳቱን አለማየቱ ብቻ ነው በጎው። ስለዚህ ከመነሻው ሁሉንም የመብራት ኃይል በአንድ ማብሪያ አልፉት፤ ፊውዝ ይኑረው፤ ማብሪያው ደግሞ ደረጃው አፍ ላይ ይሁን።

የቀረኝ ጣቢያዎቹ ናቸው። አንድ ነገር አስቸገረኝ፤ ፎቶ። የለገሃር ፊት ሞልቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1929 የተመረቀው ሕንፃ ከነአንበሳው በየፖስት ካርዱ አለ። የእኔ ደርብ ላይ ግን ተመልካቹ የቆመው ሃዲዱ በኩል ነው፤ የሚያየው የሕንፃውን ጀርባ፣ ሰው የሚሳፈርበትን ነው። ያን ያነሣ ሰው ጥቂት ነው። የሚኤሶ ደግሞ ከናካቴው የለም። ሁሉም ፎቶ የተነሣው ከተማው በኩል ነው፣ በር ላይ፣ ሰው ተደርድሮ። የሚኤሶ ጣቢያ መሳፈሪያ ላይ የነበረው መብራት በምሰሶ ላይ የቆመ ነው ወይስ ከጣራው ጠርዝ የተንጠለጠለ? አማቴ ምሰሶ ይላሉ፤ ባለቤቴ በልጅነቷ ያየችው የተንጠለጠለ ነው ትላለች፤ በዚህ የተነሣ አንድ እራት በዝምታ በልተናል።

አንባቢ ሆይ፣ በናንተ ወይም በወላጆቻችሁ አልበም ውስጥ ምድር ባቡር ጣቢያ የተነሣችሁት ፎቶ ካለ አውጡት። የሠርግ ይሁን፣ የሽኝት ይሁን ግድ የለም። ሙሽራዋን አልፋችሁ ከጀርባዋ ያለውን ተመልከቱ፤ ጣራው፣ መስኮቱ፣ የመብራቱ ምሰሶ ይታይ እንደሆነ። የሚታይ ከሆነ ፎቶው ጀርባ ላይ የጣቢያውን ስምና ዓመቱን ጻፉበት፤ አሁኑኑ፣ የሚያውቀው ሰው ሳይሞት። ለኔ ባትልኩልኝም ጻፉበት።